የሃይሉክሷ ታክ ታክታና የወረደ የዘይት ግፊት፦ ከኅዳር እስከ ጥር የያዝኩት ማስታወሻ

ኅዳር 7

ከቆላ ድባ 8 ኩንታል ጤፍ ጭኜ ስመለስ፣ አዘዞ ገብቼ እንደቆምኩ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ነዳጅ ነካ ሳደርግ ጠፋ፤ ስለቅ መልሶ መጣ። ከሞተሩ ላይኛ ክፍል የሚመጣው ታክ ታክ የሚል ድምፅ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ኖዝል (ናፍጣ መርጫው) ይሆናል ብዬ አልፌው ነበር። መብራቱ ሲጨመርበት ግን ማለፍ አልቻልኩም። ሞተሩን አጥፍቼ የቀረችኝን መንገድ ተጎትቼ ግቢ ገባሁ።

መኪናዋ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ ሞተሯ 3ኤል፣ 2779 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። ከአባቴ ነው የወረስኳት። ቆጣሪው 387 ሺህ ይላል። አንድ ጊዜ ሞተር ወርዶ እንደታደሰ አውቃለሁ፤ ምን ተቀይሮ ምን እንደተረፈ ግን የተጻፈ ነገር የለም። ይህን ማስታወሻ የጀመርኩትም ለዚያ ነው፤ ከእኔ በኋላ የሚከፍታት ሰው በዳበሳ እንዳይጀምር።

ኅዳር 8

ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ሳይፈታ የሚታየውን ሁሉ አየሁ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው። መለኪያ ዘንጉን አሸተትኩት፣ የናፍጣ ሽታ የለውም። አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጥዬ ሁለት ሰዓት ተውኩት፤ መሃሉ ጥቁር፣ ዳሩ ቡናማ። ናፍጣ ቢቀላቀል ኖሮ ጠብታው ዳር ድረስ ቀጥኖ ይሰፋ ነበር። ዘይት ከቀየርኩ 4,200 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ።

ስትነሳ መብራቱ ሦስት አራት ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል። ድሮ ሞተሩ ገና ሲነሳ ነበር የሚጠፋው። ታክ ታክታው በብርድም በሙቀትም አንድ ነው፤ ዙር ሲጨምር ይፈጥናል። በአፍንጫም በዓይንም የሚገኘው እዚህ ላይ አለቀ።

ኅዳር 9

ሹፌር ወዳጆቼ ሁሉ አንድ ምክር ነው የሰጡኝ፦ ወፍራም ዘይት አድርግባት። እኔም ሰማኋቸው። 15 ደብልዩ 40 የነበረውን አፍስሼ 6 ሊትር 20 ደብልዩ 50 ገዛሁ፤ ከላዩ ላይ ግፊት ይጨምራል የተባለ የጣሳ ማጣፈጫ ጨመርኩ። ዘይቱ 4,800፣ ጣሳው 950፣ ፊልትሮው 600፣ በድምሩ 6,350 ብር።

ኅዳር 12

ሁለት ቀን መብራቱ ጠፍቶ ቆየ። በሦስተኛው ቀን፣ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ወርጄ ስቆም፣ ተመለሰ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከበፊቱ ብሷል፤ ኅዳር ላይ ጎንደር ሲነጋ ይበርዳል፣ ዘይቱም ወፍራም ነው፣ መብራቱ እስከ ሰባት ሰከንድ ይቆያል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የላይኛው ድምፅ ደረቅ ሆኖ ይሰማል። ቫልቮቹን የሚከፍተው ላይኛው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ዘይት የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ዘይቱን ሳወፍረው መንገዱን ይበልጥ አዘገየሁበት። የመጀመሪያው ስህተቴ ይኸው ነው፤ ሳልለካ መድኃኒት መስጠት።

አንድ ጋራዥ ደግሞ ድምፁን ብቻ ሰምቶ "ሞተር ወርዶ ይታደስ" ብሎ 160 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ኮፈኑን እንኳ በወጉ አላዩትም።

ኅዳር 14

የአባቴ ወዳጅ ጋር ሄድኩ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የናፍጣ ሞተር የሠሩ ናቸው፤ አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ቤት ነው የሚውሉት። ነገሩን አስረዳኋቸው።

"ግፊቱ ስንት ነው?" አሉኝ።

"መብራቱ ይበራል፣ ጋሼ።"

"መብራትማ የሚያውቀው አለና የለም ነው። እኔ የጠየቅሁህ ስንት ነው ብዬ ነው።"

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቤት እንደወጣሁ ጌጅ ፍለጋ ሄድኩ። የውኃ ፓምፕ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች እስከ 10 ባር የሚያነብ ጌጅ በ1,400 ብር አገኘሁ። መብራቱን የሚያበራው የዘይት ቡልቦ የሚገባበት ቀዳዳ ጥርሱ ቀጭን ነው፣ አንድ ስምንተኛ ኢንች፤ የጌጁ ግን ወፍራም። መሃላቸው የሚገባ የነሐስ ማገናኛ ቶርኖ ቤት አዘዝኩ፣ 700 ብር። ኤሌክትሪክ ስለጠፋ በማግስቱ ነው የደረሰልኝ።

ኅዳር 16

ማገናኛው ያንጠባጥባል። የቡልቦው ጥርስ ወደ ጫፉ የሚጠብ፣ ሾጠጥ ያለ ነው፤ ቶርኖው ያወጣው ቀጥ ያለውን ነው። ናሙና ሳልሰጥ በቃል ነው የነገርኩት። በቴፍሎን ቴፕ ልዘጋው ፈልጌ ነበር፤ ግን የቴፑ ቁራጭ ተበጥሶ ዘይት መንገድ ውስጥ ቢገባ ሌላ በሽታ ነው ብዬ ተውኩት። ቡልቦውን ራሱን ይዤ ተመለስኩ፣ ሾጠጥ ያለውን በ400 ብር አወጣልኝ። አሁን ደረቅ ነው።

ኅዳር 17

ዛሬ ቁጥር አገኘሁ። ዳሽቦርዱ ላይ የዙር መለኪያ ስለሌለ ጄኔሬተር ከሚጠግን ጎረቤት በጨረር የሚለካ ተዋስኩ፤ ፑሊው ላይ የምታብረቀርቅ ቁራጭ ቴፕ መለጠፍ ነው።

ቀዝቃዛ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይነካ በሚዞርበት)፣ 700 ዙር ላይ፦ 2.1 ባር። በደንብ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ፦ 0.25። ሙቅ ሆኖ 3000 ዙር ላይ፦ 1.7፤ እዚያው ዙር ላይ ሃያ ሰከንድ ስይዘው ግን ቀስ እያለ ወደ 1.3 ወረደ።

የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ ለዚህ ሞተር የሚለው በሚኒሞ ከ0.3 ያላነሰ፣ 3000 ዙር ላይ ከ2.5 እስከ 6 ነው። ስለዚህ ቡልቦው አልዋሸም። ግፊቱ በእውነት የለም፣ ያውም በወፍራም ዘይት።

ቁጥሮቹን ለጋሼ በስልክ አነበብኩላቸው። ሙቁን ሚኒሞ ሰምተው ዝም አሉ። 3000 ላይ ስይዘው ይወርዳል ስላቸው ግን "እሱን ድገምልኝ" አሉ። ያሉኝን እንደገባኝ እጽፋለሁ። ፖምፓ የሚሰጠው ዘይት ነው፤ ግፊት የሚመጣው ዘይቱ በጠባብ ቦታ ለማለፍ ሲቸገር ነው። የግቢ ቱቦ የተበሳሳ ከሆነ ቧንቧው ቢከፈትም ውኃው ጫፉ ላይ ደክሞ ነው የሚወጣው፤ ሞተር ውስጥ ያ ቀዳዳ የተበላ ብሮንዚና (ዋናው ዘንግ፣ ክራንኩ፣ የሚዞርበት ስስ ሽፋን) ነው። ይሄኛው በብርድ ደህና መስሎ ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን ይወድቃል። ሌላው ደግሞ ሮቶው ሙሉ ሆኖ አፉ ሲደፈን ነው። ቀስ ብለው ሲቀዱ ይበቃል፣ አብዝተው ሲቀዱ ይቋረጣል። ዙር ስጨምር ግፊቱ ወጥቶ መልሶ መውረዱ ይሄኛውን ነው የሚመስለው፤ ፖምፓው የሚመጠው አጥቷል። "ሁለቱም ሊኖሩብህ ይችላሉ። ኮፓውን ሳታወርድ አትፍረድ" አሉኝ፤ ኮፓ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ ነው።

የጋሼን ንግግር ለመከተል ቃላቱን መልመድ ያስፈልጋል። ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ)፣ ብሮንዚና፣ ኮፓ፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ)፣ ሚኒሞ፤ ሁሉም ጣሊያን ጥሎት የሄደው ነው። ጎንደር ደግሞ ጣሊያን እስከ ኅዳር 1934 ድረስ የሙጥኝ ብሎ የቆየባት ከተማ ናት፤ አውቶ ፓርኮ የሚባለው ሰፈርም ስሙን የያዘው ከዚያ ነው። የዛሬ ወጣቶች ኮንሮድና ቤሪንግ ይላሉ። እኔ ሁለቱንም እጠቀማለሁ፤ ዕቃ ስገዛ በአዲሱ፣ ስሠራ በድሮው።

ኅዳር 19

ኮፓውን ከማውረዴ በፊት ድምፁን ለብቻው ማወቅ ፈለግሁ። ታክ ታክታው ከቢዬላ ከሆነ መኪናዋን ማስነሳት ራሱ ማቆም አለበት።

ረጅም ካቻቪቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ። ኮፓው አጠገብ ድምፁ ሩቅ ነው፤ የቫልቭ ክዳኑ ላይ፣ ከፊት ስቆጥር ሦስተኛው ሲሊንደር አካባቢ፣ ጆሮ ይመታል። ቀጥሎ የኖዝል ቱቦዎቹን ዳዶ በ17 ቁልፍ ተራ በተራ ላላ እያደረግሁ አንድ አንድ ሲሊንደር አጠፋሁ። የቢዬላ ማንኳኳት ወይም የኖዝል ቢሆን ያ ሲሊንደር ሲጠፋ ድምፁ መቀየር ነበረበት። አልተቀየረም። ፍጥነቱም ከክራንኩ ዙር ግማሽ ያህል ነው የሚመስለው፤ ካምሻፍት ደግሞ ክራንክ ሁለት ሲዞር አንድ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ቫልቭ ነው። በዚህ ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ናፍጣ የተረጨበትን ቦታ በጨርቅ ማድረቅ አይረሳ። ቱቦ ሲላላ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ የሚበሳ ግፊት ስላለው እጄን ከዳዶው አርቄ፣ በቁልፍ ብቻ ነው የሠራሁት።

ኅዳር 20

የቫልቭ ክዳኑን ፈታሁ። 3ኤል ላይ ሮከር የለም፤ ካምሻፍቱ በቀጥታ ኩባያ መሳይ ብረት ላይ ይጫናል፣ ኩባያው ራስ ላይ ክብ ሺም ተቀምጧል፣ ክፍተቱ የሚስተካከለው የሺሙን ውፍረት በመቀየር ነው። ልኩ በቀዝቃዛ ሞተር፦ ማስገቢያ ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር፣ ማስወጫ ከ0.40 እስከ 0.50።

1ኛውን ሲሊንደር በጭመቅ ጫፍ ላይ (ፒስተኑ ላይ ደርሶ፣ ቫልቮቹ ተዘግተው) አድርጌ የ1ኛውን ሁለቱንም፣ የ2ኛውን ማስገቢያና የ3ኛውን ማስወጫ ለካሁ። ክራንኩን አንድ ሙሉ ዙር አዙሬ የቀሩትን አራቱን። ማስገቢያዎቹ ሁሉ 0.25 እና 0.30 ናቸው። ማስወጫ፦ 1ኛ 0.45፣ 2ኛ 0.45፣ 3ኛ 0.70፣ 4ኛ 0.55። ሦስተኛው ይኸውና።

ያስጨነቀኝ አቅጣጫው ነው። ማስወጫ ቫልቭ ብዙ ጊዜ መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ክፍተቱን ያጠብባል እንጂ አያሰፋም። ከሰፋ ከላይ የተበላ ነገር አለ። ሺሙን አውጥቼ በጥፍሬ ስዳብሰው መሃሉ ጎድጉዷል፤ የካምሻፍቱም እንቁላል (ኩባያውን የሚጫነው ጉብታ) ከጎረቤቱ ጋር ሲለካ በ0.12 ሚሊ ሜትር አንሷል። ዘይት ሲያጥረው ነው እንዲህ የሚሆነው። ስለዚህ ድምፁ የግፊቱ መውረድ ያመጣው ነው፤ ድምፁን ባጠፋው ምንጩ ይቀራል።

ኅዳር 23

ሺም ማውጣት ኩባያውን ተጭኖ የሚይዝ መሣሪያ ይፈልጋል። ተከራየሁ። ኩባያው ጎን ላይ ያለችውን ቅድ ወደ እኔ አዙሬ፣ በቀጭን ካቻቪቴ አንስቼ፣ በማግኔት አወጣሁ።

እዚህ ላይ ልሳሳት ነበር። አዲሱ ሺም የሚታሰበው አሮጌው ውፍረት ላይ የተለካውን ክፍተት ደምሮ 0.45 በመቀነስ ነው። አሮጌውን በማይክሮሜትር ዳሩን ለካሁት፣ 2.60፤ ስለዚህ 2.85 ያስፈልገኛል አልኩ። ካምሻፍቱ የሚነካው ግን መሃሉን ነው፣ መሃሉ ደግሞ 2.56 ሆኖ ተገኘ። 2.85 ባስገባ ክፍተቱ 0.41 ይሆናል፤ ልክ ውስጥ ቢሆንም ወደ ጠባቡ ጫፍ ነው፣ ማስወጫ ቫልቭ ደግሞ ከሚጠብ ቢሰፋ ይሻላል፤ የጠበበ በደንብ ሳይዘጋ ይቃጠላል። 2.80 ፈለግሁ።

አዲስ ሺም ጎንደር ውስጥ አላገኘሁም። አንድ ጋራዥ ጥግ የተጣለ የተሰነጠቀ የ3ኤል ቴስታታ ላይ ስምንት ሺሞች ነበሩ። አንዱ 2.80፣ ፊቱ እንደ መስተዋት። ለ4ኛው ደግሞ 2.70ን በ2.80 መቀየር ፈልጌ 2.75 ብቻ አገኘሁ። ሁለቱን 600 ብር፣ የክዳኑን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) 900። ከገጠምኩ በኋላ 3ኛው ላይ የክፍተት መለኪያው የ0.45 ምላስ ይገባል፣ የ0.50 አይገባም። 4ኛው 0.50 ሆኗል፤ እንዲሁ ይቆይ።

ኅዳር 24

አስነሳኋት። ድምፁ የለም። እንደ ልጅነቴ፣ አባቴ ጠዋት ሲያስነሳት የምሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ግቢ ውስጥ የነበሩ ሁሉ "አለቀ፣ ዳነች" አሉ፤ ለነገ ጭነት አለ የሚልም ስልክ መጣ። ብሄድ 3,500 ብር አገኛለሁ።

ጌጁን አየሁት። ሙቅ፣ ሚኒሞ፣ 0.25። ቅንጣት አልተነሳም። ጭነቱን ለሌላ ሰው ሰጠሁ።

ታኅሣሥ 3

ኮፓ። ከእኔ ጋር የሚሠራ አንድ ወጣት መካኒክ ቀጠርኩ፤ 6,000 ብር። የሞተሩን መቀመጫ ብሎኖች ፈትተን፣ ከሥሩ ወፍራም እንጨት አድርገን ሞተሩን በክሪክ ትንሽ ከፍ አደረግነው፤ ካልሆነ ኮፓው ከታች ካለው ነገር አያልፍም። ኮፓው በሲሊኮን የተለጠፈ ነው፤ በቀጭን ቢላ ዙሪያውን ስንቆርጠው ሦስት ሰዓት ፈጀብን። በካቻቪቴ ብንፈለቅቀው ከንፈሩ ይጣመምና ዕድሜ ልኩን ያንጠባጥባል።

ሲወርድ መጀመሪያ ያየሁት ሲሊኮን ነው። ከውስጥ በኩል እንደ ትል የተንጠለጠለ፣ ግማሹ ተበጥሶ የጠፋ። የጠፋውን ዘይት መምጠጫው ወንፊት ላይ አገኘነው። ግራጫ ክር ክር፣ ከጥቁር ጭቃ ጋር ተጋግሮ፣ ከወንፊቱ ክፍት የቀረው ሢሶ አይሞላም። አምና ኮፓው ሲያንጠባጥብ አንድ ጋራዥ አሽጎልኝ ነበር፤ ያኔ ሲሊኮኑ በዛ ብሎ ወደ ውጭ ሲወጣ አይቼ እንዲያውም አስተማማኝ ነው ብዬ ተደስቻለሁ። ወደ ውጭ የወጣው ያህል ወደ ውስጥም እንደሚገባ አላሰብኩም።

ከወንፊቱ ጋር ሌላም ነገር ነበር። የመምጠጫ ቱቦው ጓርኒሲዮን ደርቆ ተሰንጥቋል፤ በዚያ አየር ይስባል። የኮፓው ሥር ላይ ደግሞ ዘይቱን በጣቴ ሳሽ የሚያብለጨልጭ ብናኝ አለ። ማግኔት አቀረብኩ፣ አልተነሳም። ብረት ቢሆን ይነሳ ነበር። ብሮንዚና ነው።

ጋሼ ሁለቱም ሊኖሩብህ ይችላሉ ያሉት ትዝ አለኝ።

ታኅሣሥ 5

የቢዬላ ክዳኖችን አንድ በአንድ ፈታን። እያንዳንዱን ከመፍታታችን በፊት በቀለም ቁጥርና አቅጣጫ ጻፍን። 1ኛ፣ 3ኛ፣ 4ኛ ብሮንዚናዎች ጭረት አላቸው እንጂ ደህና ናቸው። 2ኛው ላይ ብርማው ሽፋን ተልጦ የመዳብ ቀለም ወጥቷል። ገና ማንኳኳት አልጀመረም ነበር። የዚያን ጭነት ብሄድ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ብዙ ቆምኩ።

የክራንኩን አንገት በማይክሮሜትር በሁለት አቅጣጫ ለካን፤ ልዩነቱ ከ0.02 ያነሰ ነው፣ ጥፍር የሚይዝ ጭረትም የለም። መላጨት አያስፈልግም። ይህ ባይሆን ኖሮ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም ነበር። ክራንኩን ከሚይዙት ዋና ኩሽኔታዎች ሦስተኛውን ብቻ ከፍተን አየን፣ ንጹሕ ነው፤ መልሰን ዘጋነው።

አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ሶማሌ ተራ ዞሮ እንዲገዛልኝ ደወልኩ፦ የቢዬላ ብሮንዚና፣ የታይሚንግ ቺንጋ (ካምሻፍቱን ከክራንኩ ጋር የሚያዞረው ቀበቶ) እና ማወጠሪያው፣ የፊት የክራንክ ጎማ፣ የፖምፓ ኦሪንግ፣ የመምጠጫ ጓርኒሲዮን፣ ክፍተት የሚለካበት የፕላስቲክ ክር።

ታኅሣሥ 10

ዕቃው በአውቶቡስ መጣ። ብሮንዚናው ላይ 0.25 ተጽፏል። ያ ለተላጨ ክራንክ የሚሆን ነው፤ የእኔ ስታንዳርድ ነው። በስልክ ብሮንዚና አልኩ እንጂ ልኩን አልተናገርኩም። ቶዮታ ደግሞ ስታንዳርዱንም በቁጥር ይለየዋል፤ ቢዬላው ክዳን ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቤ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ዕቃውን መልሼ ላክሁ። አምስት ቀን ጠፋ።

በመሃሉ ባዶ አልተቀመጥኩም። ኮፓውንና ወንፊቱን በናፍጣ አጥበን በአየር ነፋነው። ወንፊቱን ወደ ፀሐይ አንስቼ ቀዳዳ በቀዳዳ አየሁት።

ታኅሣሥ 16

ትክክለኛው መጣ። የዕቃው ሁሉ ዋጋ፦ ብሮንዚና 5,200፣ ቺንጋ 4,300፣ ማወጠሪያ 3,600፣ ጎማዎችና ጓርኒሲዮኖች 2,400፣ የመለኪያ ክር 500፣ ጭነት 350።

መጀመሪያ አሮጌዎቹን ብሮንዚናዎች በክሩ ለካን፣ ለማወቅ ብቻ። 1ኛ 0.07፣ 2ኛ 0.11፣ 3ኛ 0.08፣ 4ኛ 0.07። የሚፈቀደው የመጨረሻ ልክ 0.10 ነው። አዲሶቹ ሦስቱ 0.05፣ አንዱ 0.04 ሆኑ። ክሩ ተጨፍልቆ ሳለ ክራንኩን ማዞር አይቻልም፤ አንዱን ወጣቱ ረስቶ አዞረውና እንደገና ለካነው።

ታኅሣሥ 17

ብሮንዚናዎቹን ዘይት ቀብተን ዘጋን፤ ዳዶዎቹን በቶርክ ሬንች፣ ከዚያ 90 ዲግሪ። ከእያንዳንዱ ክዳን በኋላ ክራንኩን በእጅ ማዞር ደንብ አደረግን። 1ኛና 2ኛ ቀላል። 3ኛውን ከዘጋን በኋላ ቁልፉ ተጫነን። ወጣቱ "አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል" አለ። አይለምድም። ከፈትነው፤ የክዳኑ የፊት ምልክት ወደ ኋላ ዞሯል። ቀለሙን ስናጥብ ከክዳኑ ላይ ጽፌ የነበረው ምልክት አብሮ ታጥቧል፤ የፋብሪካውን ምልክት ማየት የኔ ድርሻ ነበር። አስተካክለን ዘጋነው፣ በሁለት ጣት የሚዞር ሆነ። አራቱንም ዘግተን በአንድ ጊዜ ብናዞር የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁሉንም መክፈት ነበረብን።

ታኅሣሥ 19

የዘይት ፖምፓ። ከፊት ነው ያለው፣ ቺንጋው ሳይወርድ አይገኝም። ውስጡን በፊለር ጌጅ ለካነው፣ ልክ ውስጥ ነው፤ አዲስ ፖምፓ መግዛት ቀረልኝ። የግፊት መልቀቂያው ፒስተን ግን ጭረት ነበረበት። ይህ ፒስተን ክፍት ሆኖ ከተያዘ ፖምፓው የሚሰጠው ዘይት መልሶ ወደ ራሱ ይፈስሳል። በ1000 ቁጥር ሸካራ ወረቀት ከዘይት ጋር አለሰለስኩት። የሚፈተነው በቀላሉ ነው፤ ዘይት ቀብቶ ቀዳዳው ውስጥ ሲለቁት በራሱ ክብደት ብቻ እስከ ታች መውረድ አለበት። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቱንም ወረደ።

ፖምፓውን በዘይት ሞልተን ገጠምን። አዲስ ቺንጋ፤ የክራንክ፣ የካምሻፍትና የናፍጣ ፖምፓው ምልክቶች ሦስቱም ልክ፣ ሁለት ዙር በእጅ አዙረን እንደገና ልክ። ይህ ሞተር ቺንጋው ከተሳሳተ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ስለዚህ ምልክቱን ሁለታችንም ለየብቻ አየነው።

ታኅሣሥ 20

ኮፓውን ዘጋን። ሁለቱን ፊት በቤንዚን አጽድቼ ሲሊኮኑን እንደ ቀጭን ክር፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከብሎን ቀዳዳዎቹ በስተ ውስጥ ሳልቆርጥ ዞርኩበት፤ ከመድረቁ በፊት ወዲያው ገጠምነው። ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር ጥቂት በጥቂት። ሲሊኮንና ለማጠቢያ የወጣው ናፍጣ 1,050 ብር። ሌሊቱን አደረ።

ታኅሣሥ 21

አዲስ 15 ደብልዩ 40 ዘይትና ፊልትሮ፣ 5,400 ብር። ፊልትሮውን ከመግጠሜ በፊት በዘይት ሞላሁት። የናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለችውን የማጥፊያ ሽቦ ነቅዬ፣ ሞተሩ ሳይነሳ እንዲዞር ብቻ አደረግሁ፤ አሥር ሰከንድ፣ ዕረፍት፣ አሥር ሰከንድ፣ ዕረፍት። በሦስተኛው የጌጁ መርፌ ተነሳ። ከዚያ ነው ሽቦዋን መልሼ ያስነሳኋት።

ቀዝቃዛ፣ ሚኒሞ፦ 4.2 ባር።

ከአዘዞ ፒያሳ ሽቅብ ወጥቼ ወርጄ፣ በደንብ ሞቃ፦ ሚኒሞ 0.9። 3000 ዙር ላይ 3.6፤ ሰላሳ ሰከንድ ያዝኩት፣ አልወረደም።

ለጋሼ ደወልኩ። ቁጥሮቹን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ገንዘብ አይቀበሉም፤ ለገና ቡናና ስኳር ይዤላቸው እሄዳለሁ።

ጥር 6

520 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ፣ ከዚያ ውስጥ ሁለቱ የቆላ ድባ ጉዞ ከነጭነቱ ነው። ዘይትና ፊልትሮ እንደገና ቀየርኩ፣ 5,400 ብር። አሮጌውን ፊልትሮ በመጋዝ ቆርጬ ወረቀቱን ዘረጋሁት። አንዲት አጭር የሲሊኮን ክር አገኘሁ፤ የሚያብለጨልጭ ብናኝ የለም። 3ኛውን ማስወጫ ለካሁ፣ ያው ነው፤ 0.45 ይገባል፣ 0.50 አይገባም።

እስካሁን የወጣው ሁሉ ሲደመር 44,550 ብር። ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያው 6,350 ባይወጣ ምንም አይጎድልም ነበር።

ያልጨረስኩት፦ የካምሻፍቱ 3ኛ እንቁላል የተበላ ነው፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ክፍተቱን እለካለሁ፣ ከሰፋ ካምሻፍት መፈለግ ነው። ጌጁን ለማውጣት አስቤ ነበር፤ ጋቢና ውስጥ አስገብቼ ቋሚ አደረግሁት።

ጥር 10

ከተራ። የሰንበት ትምህርት ቤቱን ድምፅ ማጉያና ጄኔሬተር ጭኜ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ከመዘምራኑ ኋላ ሄድኩ። በአንደኛ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ፣ እየቆምኩ እየተነሳሁ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ሞተሩ ከዚህ በላይ የሚሞቅበት፣ ዙሩም ከዚህ በታች የሚወርድበት ጉዞ የለኝም። ዓይኔ አንዴ ሕዝቡ ላይ፣ አንዴ ጌጁ ላይ ነበር። ዝቅተኛው ያየሁት 0.8 ነው።